ነገ ተመለስ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ሚኒባሱ አራገፈን ከሰንዳፋው ኬላ ጋ።
ሌንሴ ጫማዋን አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች፤
ብርቄ መዳፏን በትንፋሿ አሞቀች፤
አሰልጣኝ ኡርጌሳ ሰዓቱን አየና
«ሠላሳ አምስት» አለ። ወጣን ወደ ጎዳና።

የመጀመሪያውን አስር በእግር ይጨርሱታል፤
ሁለተኛውን አስር ሳንባ ይከፍለዋል፤
ከሃያ በኋላ ያለው ግን የማን ነው?
እግር «የኔ አይደለም»፣ ሳንባም «የኔ አይደለም» የሚለው፣
ባለቤት የሌለው፣ አጥር የሌለው መሬት ነው።

አጥር ያጣ መሬት ደላላ አያጣም፤
የኔም ከመንገዱ አንድ ቀን አልታጣም።
ሃያ ስምንተኛው ላይ፣ ከብሎኬት ማምረቻው አለፍ ብሎ፣
ይጠብቀኛል፣ ጃኬቱን ባንድ ትከሻው ጥሎ።
ሌንሴ አታየውም፤
ከአጠገቤ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ግን አያጥረውም፤
የሚያወራው በኔው ድምፅ ነው፣ የራሱ ድምፅ የለውም።

«እህቴ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ቀርታሻለች፤
ልቀቂልኝ እሷን፣ ምን ታደርግልሻለች?
በጥላ እከፍላለሁ፣ በውሃ፣ በእንቅልፍ፤
ደግሞ ማን ይታዘብሻል፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ሲያልፍ?»
ጉልበቴን በስሙ ይጠራል፣ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ያውቃል፤
የቤት ኪራዬን ቀን፣ የአምናውን ሽንፈቴን፣ በጣቱ ይቆጥራል።

መጀመሪያ ሰሞን ተጣላሁት።
ጥርሴን ነክሼ ሰደብኩት፣
«ጥፋ!» አልኩት።
ደላላ ግን ስድብ አይጠላም፤
ስድብም ወሬ ነው፣ ከወሬ ድርድር አይጠፋም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሸጥኩለት።

ሽመክት መኪናውን አቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ውሃ አቀበለኝ፣
አንዲት ቃል አልተናገረኝ።
ውሃው ጣፈጠኝ።
እሱ ነው፣ ከሁሉ ከሁሉ፣ ያሳፈረኝ።
በመስኮቱ ሌንሴን አየኋት፤ ታነክሳለች፣
አንገቷ ወደ ግራ ተጣሟል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ግን ትሄዳለች፤
እኔ ወንበር አለኝ፤ እሷ መንገድ አላት።

አሰልጣኙ ማታ «ጭንቅላት ነው» አለኝ፤
ጭንቅላት ምን እንደሚያደርጉት ግን አልነገረኝ።

የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤
የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት አራት፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚውለው።
የእናቴን ካርታ ስጠይቀው አራት ዓመቱ፤
አንድ ቀን አልተቆጣም፣ አንድ ቀን አልጨለመም ፊቱ።
እምቢም አይል፤ እምቢ ቢል እከሰው ነበር፤
«ነገ ተመለሺ» ይላል፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከወረቀቱ ዳር።
አንድ ቀን ከዚያ ስወጣ፣ በሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤
ለካ አራት ዓመት ሙሉ ያ ሰው ነው ያሰለጠነኝ!

ታኅሣሥ። ሃያ ስምንተኛው ላይ ደላላው ጃኬቱን አስተካክሎ መጣ።
አልሰደብኩትም። አልጮህኩበትም። ልቤም አልተቆጣ።
«ያቺ ባህር ዛፍ ጋ እንነጋገር» አልኩት፤
ባህር ዛፏ ጋ ስንደርስ «ኮፒ ይጎድልሃል» አልኩት።
ከነዳጅ ማደያው ፊት «ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል»፤
ከድልድዩ ላይ «ፋይልህ ጠፍቷል»፤
ሠላሳ ሦስት ላይ፣ እግሬ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ዓይኔ ጨው ሲሞላ፣
«ሲስተም የለም ወንድሜ፤ ና ከምሳ በኋላ።»

ኡርጌሳ ሰዓቱን ጫነው። ቁጥሩን ነገረኝ፤ ረስቼዋለሁ።
ደላላውን ግን፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተቀምጦ፣ ዞሬ አይቼዋለሁ፤
ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ጃኬቱ ወድቋል፤
ልራራለት ምንም አልቀረኝ።
«ነገ ተመለስ» አልኩት። ይመለሳል፤
እሱን መምጣት መቼ ይደክመዋል?

የእናቴ ካርታ እስከ ዛሬ አልወጣም።
ሐሙስ ልምምድ የለኝም፤
ወደ መስኮት አራት እሄዳለሁ።
ጥርሱን እየፋቀ «ነገ» ይለኛል።
አያውቅም፣ በዚያ መስኮት ፊት
ደላላው እኔ መሆኔን፤
ጃኬቴን ባንድ ትከሻዬ ጥዬ
ነገ እመለሳለሁ።